እጅ ነስቶ መግባት፣ እጅ ነስቶ መውጣት፦ ስለ ማርሻል አርት ውድድር የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ቴኳንዶና ካራቴ ውድድር ናቸው። መልሶቹን ያሰናዱት በአሠልጣኝነትና በዳኝነት የሚሠሩ የአምዱ ተባባሪዎች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ ሰዓቱ ግን የእኛው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ፒያሳ አካባቢ ቴኳንዶ ከጀመረ 8 ወሩ፤ ቢጫ ቀበቶ አስሯል። አሠልጣኙ «ለውድድር ይቅረብ፣ ጠባዩን ያንጸዋል» ይለኛል። እኔ የምፈራው እህቱን መለማመጃ እንዳያደርጋት ነው። እውነት ውድድር ልጅ ያንጻል ወይስ ተደባዳቢ ያደርጋል? (እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ የአሠልጣኙን ቃል እንዳለ አይቀበሉት። በ1986 ማይክል ትሩልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በጥፋት የተመዘገቡ 34 ወጣቶችን ሦስት ቦታ ከፍሎ ለ6 ወር ተከታትሏል። አንደኛው ቡድን ቴኳንዶን ከነሥርዓቱ፣ ማለትም ከእጅ መንሳቱ፣ ከጥሞናውና ራስን ከመግዛት ትምህርቱ ጋር ተማረ። ሁለተኛው ፍልሚያውን ብቻ። ሦስተኛው ሩጫና ቅርጫት ኳስ ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ጠበኝነታቸው ሲበርድ፣ ፍልሚያ ብቻ የተማሩት ከበፊቱም ባሰባቸው። 34 ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ አንመካበትም። ነገር ግን በ2005 የታተመ የኖርዌይ ጥናትም ከ11 እስከ 13 ዓመት የሆኑ 477 ወንዶች ልጆችን ተከታትሎ፣ ቦክስ፣ ትግል፣ ክብደት ማንሳትና የምሥራቅ ማርሻል አርት በሚያዘወትሩት ላይ ከስፖርቱ ውጭ ያለው ጥፋት ጨምሮ አግኝቷል። ነጭ ልብስና ቀበቶ ብቻውን ማንንም አያንጽም ማለት ነው።

እርስዎ ማድረግ የሚችሉት አንድ ሙሉ የልምምድ ሰዓት ዳር ተቀምጦ ማየት ነው። ትልቁ ልጅ ትንሹን ጠንከር አድርጎ ሲመታ አሠልጣኙ ምን ያደርጋል? ጨዋታውን አቁሞ አጥፊውን ካስቀመጠው መልካም። «ወንድ አይደለህ? ቻለው!» ካለ ልጅዎን ይዘው ይውጡ። ሌላው የሚታየው «ካልዮ» የምትለው ቃል ናት። በኮሪያኛ «ተለያዩ» ማለት ነው፤ ዳኛው ይህን ሲል እግሩን ያነሳ ልጅ እንኳ እግሩን መልሶ ማውረድ አለበት። ተናዶ፣ እየተሸነፈ፣ እናቱ እያየችው፣ በአንድ ቃል መቆም። ጠባይ የምንለው ነገር በውድድር ሜዳ የሚለካው እዚህ ላይ ነው እንጂ በሜዳሊያው አይደለም። በልምምድ ሰዓት «ካልዮ» ተብሎ ሁለት ሦስት ርግጫ የሚቀጥሉበት ክለብ ከሆነ ልጅዎ በውድድርም ሌላ ነገር አይማርም። (ቃሏ ቤት ውስጥም ትሠራለች፤ እህቱም ትማራት።)

ለ9 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው ውድድር ፍልሚያ ባይሆን እንመክራለን። በፓተርን ወይም በፑምሴ (ያለ ተጋጣሚ በተወሰነ ቅደም ተከተል በሚሠራ የምትና የመከላከል እንቅስቃሴ) ብቻ ይቅረብ። ብቻውን በሰው ፊት ቆሞ፣ ቅደም ተከተሉን ሳይዘነጋ ጨርሶ፣ እጅ ነስቶ መውጣት ለዚህ ዕድሜ በቂ ፈተና ነው። ፍልሚያው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ውድድር ይድረስበታል። ያን ጊዜ አሠልጣኙን ይጠይቁ፦ በዚህ ዕድሜ ጭንቅላት መምታት ይፈቀዳል? (እኛ ከ12 ዓመት በታች ባይፈቀድ እንላለን።) ከልጄ ጋር የሚገጥመው ልጅ በኪሎ ምን ያህል ይበልጠዋል? ስንት ጊዜ ይጫወታል? የሕክምና ርዳታ ሰጪው ማን ነው? ለአራቱም ወዲያው መልስ ከሌለው ውድድሩ ገና አልተሰናዳም።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ያለን የቴኳንዶ ክለብ ነን። ከሌሎች ሦስት ክለቦች ጋር ሆነን ከ8 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የአንድ ቀን የወዳጅነት ውድድር ማዘጋጀት እንፈልጋለን፤ ከየክለቡ 20፣ በድምሩ 80 ልጅ። ባለፈው ዓመት ሞክረን ምሽት 1 ሰዓት ድረስ ተጎተተ፤ ወላጆች በዳኞች ላይ ጮኸው፣ ሕፃናት እያለቀሱ ተበተነ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው? (የክለብ አስተባባሪዎች)

መልስ፦ ሒሳቡ ነው የጣላችሁ ብለን እንገምታለን። ጥሎ ማለፍ ላይ የጨዋታ ብዛት ከተጫዋቹ ቁጥር በአንድ ያነሰ ነው። 80 ልጅ ስምንት ስምንት ሆኖ በ10 ምድብ ቢከፈል እያንዳንዱ ምድብ 7 ጨዋታ፣ በድምሩ 70 ይሆናል። ያምራል፤ ግን ከ80ው 40ው ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውቶ ይወጣል። ሁለት ሳምንት ሲዘጋጅ የከረመ ልጅ በሁለት ደቂቃ ተሸንፎ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ይውላል። የሚያለቅሰውም፣ የሚጣላውም ወላጅ ከእነዚህ 40 ቤተሰቦች ነው የሚወጣው።

እኛ የምንመርጠው አራት አራት ልጅ ያለበት 20 ምድብ ሆኖ፣ በየምድቡ ከየክለቡ አንድ ልጅ እንዲገባና ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲጫወት ነው። በየምድቡ 6 ጨዋታ፣ በድምሩ 120። ከጥሎ ማለፉ በ50 ይበልጣል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ ሦስት ጊዜ ይገባል፣ ሦስት ጊዜ እጅ ይነሳል፣ በመጀመሪያው የተሸነፈ በሁለተኛው የሚያርመው ነገር ያገኛል። ከሽንፈት የሚማረው ተመልሶ መግባት ሲችል ነው። ቤት ከሄደ የሚይዘው ቂም ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ያልቃል ወይ? ለልጆች ሁለት ዙር፣ እያንዳንዱ 1 ደቂቃ፣ በመሃል 30 ሰኮንድ እረፍት አድርጉ፤ 2 ደቂቃ ተኩል። ገብቶ እጅ ለመንሳት፣ መከላከያ ለመፈተሽና ለመውጣት 2 ደቂቃ ጨምሩበት። በአንድ ሜዳ በሰዓት 13 ጨዋታ ገደማ ይሄዳል፤ በሁለት ሜዳ 26። 120ው በ4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልቃል። ጠዋት 2፡00 ምዝገባ፣ 3፡00 መክፈቻ፣ 3፡15 ፓተርን (ሁለት ሁለት ልጅ ጎን ለጎን እያቆማችሁ በሁለቱ ሜዳ 40 ደቂቃ ይበቃል)፣ 4፡00 ፍልሚያ፣ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ምሳ፣ 9፡40 ላይ የመጨረሻው ጨዋታ። የክብር እንግዳው ንግግር ከ10 ደቂቃ ከበለጠ ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው አይቀየሙም።

ጊዜ የሚበላው ጨዋታው አይደለም። አንደኛው የደረት መከላከያ ማሰር ነው፤ ገመዱ በጀርባ ስለሚታሰር አንድን ልጅ ለማልበስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በየሜዳው አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ብቻ ካለ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። በየሜዳው ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ ይኑር፤ አንዱ ጥንድ ሲጫወት ቀጣዩ ለብሶ ይቀመጥ። ሁለተኛው ጠዋት ላይ ምድብ ማውጣት ነው። ልጆቹን ሳምንቱ መጀመሪያ ላይ በየክለባቸው መዝኑ፤ ረቡዕ አራቱ አሠልጣኞች ተገናኝተው ምድቡን ያውጡ፤ ለጠዋት የሚቀረው ማረጋገጥ ብቻ ይሁን። ሚዛኑን ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡ፤ ለስላሳ ነገር ላይ የቤት ሚዛን የተሳሳተ ኪሎ ያሳያል። ጠንካራ ወለል ላይ ይሁን። በአንድ ምድብ ውስጥ የኪሎ ልዩነቱ ከ4 ባይበልጥ፣ ዕድሜው ከ2 ዓመት፣ ቀበቶው ከሁለት ደረጃ ባይርቅ ጥሩ ነው። ሴቶችና ወንዶች ይለዩ። ሦስት ልጅ ብቻ የቀረበት ምድብ ቢገጥማችሁ ችግር የለውም፣ 3 ጨዋታ ነው፤ አንድ ልጅ ብቻውን ቀርቶ ያለ ጨዋታ ወርቅ ማጥለቅ ግን ለልጁም ያሳፍራል።

የሦስቱ ጨዋታዎች እረፍት እንዳይጠብ በአንድ ሜዳ ሦስት ምድብ እያፈራረቃችሁ አጫውቱ፤ የአንደኛው ምድብ አንድ ጨዋታ፣ የሁለተኛው አንድ፣ የሦስተኛው አንድ። አንድ ልጅ ተከታትሎ ቢደርሰው እንኳ በመሃል 9 ደቂቃ ያገኛል።

ስለ ዳኝነቱ፦ ከየክለቡ 4 ዳኛ ይምጣ፣ በየሜዳው ሁለት ሁለት ይመደብ። እያንዳንዱ ሜዳ 8 ዳኛ ይኖረዋል። ጨዋታው የሁለት ክለቦች ስለሆነ የእነሱ 4 ዳኞች ያርፋሉ፤ የቀሩት 4፣ አንድ የመሃልና ሦስት የማዕዘን ሆነው ይሠራሉ። ማንም የራሱን ልጅ አይዳኝም። ይህን መክፈቻው ላይ በድምፅ ማጉያ ለወላጆች አስረዱ፤ ግማሹ ጩኸት እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። አራቱ ክለቦች በአንድ ሕግ ነው የሚሠለጥኑት? ወርልድ ቴኳንዶና አይቲኤፍ የየራሳቸው ሕግ ያላቸው የቴኳንዶ ድርጅቶች ናቸው። በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ ጭንቅላት በእጅ መምታት ቅጣት ነው፤ በአይቲኤፍ ሕግ ግን ነጥብ ነው። ስለዚህ የወርልድ ቴኳንዶ ልጆች እጃቸውን ዝቅ አድርገው መጫወት ለምደዋል። ሁለቱን ሳታስማሙ ካጋጠማችሁ አንዱ እጁን አውርዶ ሲጠብቅ የሌላው ቡጢ አፍንጫው ላይ ያርፋል። ማንም አላጠፋም፤ ሁለቱም የተማሩትን ነው የሠሩት። ቢያንስ ከ3 ሳምንት በፊት አንድ ሕግ መርጣችሁ፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ በአራቱም ክለብ ልምምዱ በዚያ ሕግ ይሁን። ለልጆች ውድድር ጭንቅላት በእጅም በእግርም ቢከለከል ይቀላል።

ሜዳው ለልጆች 6 በ6 ሜትር ይበቃል፤ ዙሪያውን 1 ሜትር መጠባበቂያ ሲታከል 8 በ8፣ ማለትም ባለ 1 ሜትር ምንጣፍ 64 ቁራጭ። ለሁለቱ 128። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ስለሆነ ሁለቱ ከነመቀመጫው ይገባሉ። ከመዘርጋታችሁ በፊት ወለሉን በደንብ ጥረጉ፤ ከሥር አቧራ ካለ ምንጣፉ ይንሸራተታል፣ የምንጣፉ መጋጠሚያ ጥርስ ይላቀቃል፣ በተከፈተው ስንጥቅ የእግር ጣት ይገባል። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ውጭ አጥብቁ፣ ዳርዳሩን በሰፊ የጨርቅ ፕላስተር ከወለሉ ጋር አጣብቁ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰው በእግሩ እየዳሰሰ ይዙር። ደም ከነካው በበረኪና ውሃ ጠርጉት፤ ግን ሳይደርቅ ማንም አይግባበት። አግዳሚ ወንበር ከመጠባበቂያው መስመር ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ በክረምት ከሆነ ዝናቡ የሰዓት ያዡን ድምፅ ይውጠዋል። አሸዋ የሞላች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ለሰዓት ያዡ ስጡት፤ ጊዜ ሲያልቅ መሃል ዳኛው እግር ሥር ይወርውራት።

ሰዓት ያዥ፣ ነጥብ ገልባጭ፣ መከላከያ አሳሪ፣ ስም ጠሪ የሚሆኑት ራሳቸው ልጆቹ ይሁኑ፤ ተራቸው ያልደረሰ ከ12 ዓመት በላይ ያሉት። የሌላ ክለብ ልጅ መከላከያ ያሰረ ልጅ ከዚያ ልጅ ጋር ሲገጥም ጠላት አያደርገውም። ነጥብ ሲገለብጥ የዋለም «ዳኛው በደለኝ» ለማለት ይዘገያል፤ ከዚያ ወንበር ላይ ስንት ነገር እንደማይታይ አይቷልና። የወዳጅነት ውድድር የሚባለው ወዳጅነቱ በዚህ ነው የሚመጣው እንጂ መጨረሻ ላይ በሚነሱት ፎቶ አይደለም።

ሜዳሊያው ለሦስቱ ይሁን። ለአራተኛው ሜዳሊያ አትስጡት፤ ልጅ ውሸት ይገባዋል። ግን አራቱም አብረው ይሰለፉ፣ ስሙም ይጠራ። የሥነ ምግባር ሽልማት ካላችሁ አሠልጣኞች አይምረጡ፣ ያባብላሉ። የማዕዘን ዳኞቹ ከየጨዋታው በኋላ ወረቀት ላይ አንድ ምልክት ብቻ ያድርጉ፦ በ«ካልዮ» ወዲያው ቆመ ወይስ አልቆመም? መጨረሻ ላይ ተቆጥሮ ይሰጥ።

የሕክምና ርዳታ ሰጪ በሌለበት አትጀምሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ስልኩ ዳኞች ጠረጴዛ ላይ በትልቁ ይጻፍ። በፌስታል የተቋጠረ ውሃ ማታውኑ ከሰፈር ሱቅ ፍሪዘር አስገቡ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይያዛል እንጂ ቆዳ ላይ ባዶውን አይደረግም። አፍንጫው የደማ ልጅ ወደ ፊት ያጎንብስ (ወደ ኋላ አይደለም)፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል 10 ደቂቃ ጨብጦ ይያዝ። ጥርስ ከወለቀ በሥሩ ሳይሆን በላዩ ተይዞ ወተት ውስጥ ይግባና በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥርስ ሐኪም ጋ ይድረስ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የደነዘዘ፣ የተንገዳገደ፣ ያቅለሸለሸው ወይም ዙሩን የረሳ ልጅ የዚያን ቀን ጨዋታው አብቅቷል። «ደህና ነኝ» ቢልም፣ ፍጻሜ ቢሆንም። ይህን የሚወስነው ርዳታ ሰጪው እንጂ አሠልጣኙ አይሁን።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነበርን፤ ሰፈሩ በልማት ሲነሳ የእድራችን አባላት በየአቅጣጫው ተበተንን። ልጆቹ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ እየያዙ መሃል ከተማ ወዳለው ክለባቸው ይመጣሉ። ለዓመታዊ ውድድራቸው እድሩ ይርዳ ተብሎ ስብሰባ ላይ ሲቀርብ አንድ አባት «እድር ለቀባሪ ነው እንጂ ለተራጋጭ አይደለም» አሉ፤ ተሳቀና ሳይወሰን ቀረ። ምን ትላላችሁ? (የእድር ጸሐፊ)

መልስ፦ ስለ ገንዘቡ አባታችን ልክ ናቸው፤ የሐዘን መዋጮ አይነካ። እድር ግን ከገንዘብ ሌላ ብዙ ነገር አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ወንበር፣ ብርጭቆ፣ ትልልቅ ማንቆርቆሪያ፣ ከሁሉም በላይ ስም ጽፎ መያዝና ሰው ማስተናገድ የሚያውቅ ሰው። ድንኳኑ ከአዳራሹ ውጭ ለምዝገባና ለሚጠብቅ ወላጅ ይሁን። ተረካቢ ፈርሞ ይውሰድ፣ የጎደለ ብርጭቆ ክለቡ ይተካ። አንድ ነገር በውሉ ላይ ይጻፍ፦ የዚያን ዕለት ሐዘን ቢያጋጥም ዕቃው ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፣ ክለቡም አማራጭ ይዞ ይጠብቅ። ይህን ሲሰሙ እሳቸውም ይለዝባሉ ብለን እናስባለን።

ሚዛኑ ጋ አንድ የእድር ሽማግሌ ይቀመጡ፤ ልጅ የሌላቸው ቢሆኑ የበለጠ። አራት አሠልጣኝ በአንድ ኪሎ ሲጨቃጨቅ አንድ ገለልተኛ ሽማግሌ ይገላግላሉ። ስም ጠሪውም ልጁን በቁጥር ወይም በክለብ ብቻ ሳይሆን ከነአባቱ ስም ይጥራው። አዳራሹ ውስጥ ካሉት ግማሾቹ «ይሄ የእከሌ ልጅ አይደለም እንዴ?» ማለት የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው፤ ቀድሞ አጥር ለአጥር የነበሩ ሰዎች ሻዩ ጋ ይገናኛሉ። የዳር ሰፈሮቹ ሩቅ ስለሆኑ ምዝገባው ከ2፡30 በፊት አይጀምር፣ መጨረሻውም ከ10፡00 አይለፍ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከሕፃን ጋር ማምሸት የቀኑን ደስታ ያበላሻል።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ወርልድ ቴኳንዶ እጫወታለሁ፣ ኪሎዬ 61.4። አሠልጣኜ ከ59 በታች ተሰለፍ ይለኛል፤ ውድድሩ 9 ቀን ቀርቶታል። በፌስታል ተጠቅልዬ ብሮጥ እደርሳለሁ? ጾምም ላይ ነኝ። (ከልደታ)

መልስ፦ አትሩጥ። ለወጣት ወንዶች (ከ15 እስከ 17 ዓመት) ከ59 ቀጥሎ ያለው ምድብ ከ63 በታች ነው፤ አንተ ቁጭ ብለህ የምትገባበት። 2.4 ኪሎ ከክብደትህ 4 በመቶ ገደማ ነው፤ በ9 ቀን ከስብ አይወጣም፣ ከውሃ ነው የሚወጣው። 2 በመቶ ውሃ ያጣ ሰው እንኳ እግሩ ይዘገያል። በትልልቅ ሻምፒዮናዎች ሚዛኑ ከዋዜማው ስለሆነ የሚያገግሙበት ሌሊት አላቸው፤ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ጠዋት ተመዝነህ ጠዋቱኑ ትገባለህ። ደርቆ የገባ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታም ጉዳቱ ይከፋል ተብሎ ይፈራል። ላብ የሚያወጣ ፌስታልና ጃኬት የሰውነት ሙቀትን አምቆ ሰው የገደለባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ደግሞ ከጤናው ሌላ በአበረታች መድኃኒት ሕግ የተከለከለ ነው።

ገና እያደግህ ነው፤ በዓመት ውስጥ 63ንም ልታልፈው ትችላለህ። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የገባው ሰለሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ነው የተጫወተው፤ ምናልባት ዓይንህ እዚያ ላይ ይሆናል። ኦሎምፒክ ላይ ለወንዶች ያሉት ምድቦች አራት ብቻ ናቸው፦ 58፣ 68፣ 80 እና ከ80 በላይ። ለ68 መጠንከር ለአንተ ዕድሜ ከመክሳት ይሻላል።

ስለ ጾሙ፦ የጾም ምግብ ለስፖርተኛ አያንስም፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ተልባና ሱፍ ካልጎደለ ትሠራለህ። ችግሩ ሰዓቱ ነው። እስከ 9፡00 የምትቆይ ከሆነና ጨዋታህ 4፡00 ላይ ከሆነ ባዶ ሆድ ነው የምትገባው። ይህን ከንስሐ አባትህ ጋር ቀድመህ ተነጋገር፤ እኛ የምንፈርደው ነገር አይደለም። ጠዋት መብላት ከተፈቀደልህ ከጨዋታው 3 ሰዓት በፊት በሶ ወይም ሩዝ፣ 1 ሰዓት ሲቀር ሙዝ፣ ውሃ ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ። ካልተፈቀደልህ ያን ቀን ፑምሴ ብቻ ተመዝገብ። ለረመዳን ጾመኞችም ምክራችን ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ሦስት ዙር ተጫውታ በድምሩ 19 ነጥብ አገኘች፣ ተጋጣሚዋ 11። ያሸነፈችው ግን 11 ያገኘችው ናት ተባለ። ጮህኩ፣ አላፍርም። ይህ ፍትሕ ነው? (አባት፣ ከለገሃር)

መልስ፦ ነጥቡን ዙር በዙር ጽፈው ከላኩልን ነገሩ ግልጽ ነው፦ 3 ለ 4፣ 13 ለ 2፣ 3 ለ 5። ከ2022 ወዲህ በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ ነጥብ አይደመርም፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ያሸንፋል። ልጅዎ ሁለተኛውን ዙር በሰፊ ልዩነት ወሰደች፣ የቀሩትን ሁለቱን በጥቂቱ አጣች። ውጤቱ ትክክል ነው፤ አሠልጣኟ ይህን አስቀድሞ ለእርስዎ አለማስረዳቱ ነው ጥፋቱ።

በአንድና በሁለት ነጥብ የሚጠፉ ዙሮች ብዙ ጊዜ በቅጣት ነው የሚጠፉት። መውደቅ፣ ከመስመር መውጣት፣ መያዝ፣ ከወገብ በታች መምታት እያንዳንዱ ለተጋጣሚ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ በአንድ ዙር 5 ቅጣት ዙሩን ያሳጣል። ርግጫ ደረት ላይ 2፣ ጭንቅላት ላይ 3፣ ዞሮ ሲሆን ከዚያም በላይ ነው፤ ቡጢ ደረት ላይ 1። ከመቀመጫዎ «መታች!» ያሉት ርግጫ ክንድ ላይ ካረፈ አይቆጠርም። ኤሌክትሮኒክ መከላከያ በሌለበት ውድድር ደግሞ ነጥብ የሚመዘገበው አብዛኞቹ የማዕዘን ዳኞች በአንድ ጊዜ ሲያዩት ነው። ከጎን ያለ ተመልካች ከአንዱ ዳኛ የተሻለ ሊያይ ይችላል፤ ከሦስቱ ግን አይችልም።

ሌላም ይወቁ። አሠልጣኝ ከወንበሩ ተነስቶ ቢሳደብ ቅጣቱ የሚቆጠረው በልጅቷ ላይ ነው። የወላጅ ጩኸት አይቆጠርም፤ ግን ተቃውሞ የሚቀርበው በአሠልጣኙ በኩል ስለሆነ ምንም አይለውጥም። ልጅቷ ብቻ ትሰማዋለች። አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት ሎሌው ጌታውን በዱላ ሲመታ እያዩ ነው። እርስዎም በዳኛው አይቆጡ።

ከጨዋታው በኋላ ላለው ግማሽ ሰዓት ስለ ቴክኒክ አያንሱባት። ውሃ፣ የሚበላ ነገር፣ ደረቅ ሹራብ። ከዚያ «የትኛው ዙር ከበደሽ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ቅጣቶቿን በዙር በዙር የያዘውን ወረቀት ከአሠልጣኙ ይቀበሉት፤ በሚቀጥለው ልምምድ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አጭር አጭሩን

*ካራቴና ቴኳንዶ በአንድ መድረክ ማጫወት ይቻላል?* ፍልሚያውን አይሆንም። በካራቴ ፊት ላይ የሚሰነዘር ቡጢ ነጥብ ያስገኛል፣ ነጥቡም ቁጥጥር ያለበት ምት ነው፤ ወርልድ ቴኳንዶ በሙሉ ኃይል በመከላከያ ላይ ይመታል። ካታን (የካራቴውን ፓተርን) እና የቴኳንዶውን ፓተርን በየራሳቸው ዳኛ በአንድ ቀን ማሳየት ግን ይቻላል፣ ያምራልም።

*የጥርስ መከላከያ ልጄ ሲያደርገው ያስመልሰዋል።* ከኋላ ረዝሟል ማለት ነው። በሙቅ ውሃ የሚለሰልሰውን ዓይነት ገዝታችሁ ከሆነ ከመጨረሻው መንጋጋ በፊት እስኪቆም በመቀስ ቁረጡት፣ ጠርዙን አለስልሱ፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ መጠን ነክራችሁ እንደገና አስነክሱት። ከወንድሙ ጋር በመፈራረቅ አይጠቀሙበት፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ይሁን።

*ጭንቅላቱን ተመትቶ የወደቀ ልጅ መቼ ይመለሳል?* ሐኪም አይቶት ነው የሚመለሰው። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን እረፍት፣ ከዚያ እርምጃ፣ ቀላል ሩጫ፣ ያለ ንክኪ ልምምድ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት። ራስ ምታቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ራሱን ስቶ ከነበረ ቢያንስ 30 ቀን ውድድር የለም። ትምህርት ቤቱም ይነገረው፤ ሰሌዳ ላይ ማፍጠጥ ከሩጫ በፊት ያመዋል።